የአባት የወሊድ ፈቃድ 3 ቀን ይበቃል?

የሁለት ልጆች አባት፦ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አላት። አባት ያለው 3 ቀን ብቻ ነው። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደረገውን የ1952ቱን ድንጋጌ ሽሮ ባልና ሚስት ቤታቸውን በእኩልነት እንዲመሩ አድርጓል። ታዲያ አንደኛው መሪ በአራተኛው ቀን ለምን ይወጣል? ስለ ሴቶች መከበር በየስብሰባው የምናጨበጭብ ወንዶች ይህ እንዲሻሻል መጠየቅ አለብን።

የአነስተኛ ፋብሪካ ባለቤት፦ ወንድሜ፣ ክፍያው ከማን ኪስ ይወጣል? የእናትየውንም ደመወዝ የሚከፍለው አሠሪው ራሱ ነው። ደግሞም አራስ የሚጠብቁት እናቷ ናቸው፤ ገንፎ የሚያገነፋ ወንድ ስንት ነው? ፈቃዱን ብንሰጠው መጠጥ ቤት ነው የሚያሳልፈው።

አዋላጅ ነርስ፦ እናቷ በሕይወት ባይኖሩስ? ገጠር ሆነው መምጣት ባይችሉስ? በቀዶ ሕክምና የወለደች ሴት ብዙ ጊዜ ሆስፒታል የምትቆየው ሦስት ቀን ገደማ ነው። እሷ ቤቷ ስትገባ የባሏ ፈቃድ አልቋል ማለት ነው። ቁስሏ ሳይጠግግ ውኃ ታነሣለች፣ ልብስ ታጥባለች፣ ሌሊት ሕፃን ታባብላለች። ጎረቤት ቢያግዝም ሌሊት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ስለ መጠጥ ቤቱ ያሉት ደግሞ ያሳዝነኛል። የማዋልዳቸውን እናቶች ባሎች በየቀኑ አያለሁ፤ ሕፃን እንዴት እንደሚታቀፍ አሳዩኝ ብለው የሚለምኑ ብዙ ናቸው።

አርሶ አደር፦ አብዛኛው አባት ገበሬ ነው፤ አዋጁ አይነካውም። ፎገራ ያለችውን አውራምባን ተመልከቱ፤ ወንዶቹ እንጀራ ይጋግራሉ፣ ሴቶቹ ያርሳሉ። ማንም አሠሪ ፈቃድ አልሰጣቸውም።

የሒሳብ ሠራተኛዋ፦ አውራምባ የራሷ መተዳደሪያ ያላት መንደር ናት፤ እኛ ግን የምንቀጠረው በገበያ ነው። ለሥራ ስፈተን «መቼ ለመውለድ አስበሻል?» ተብዬ ተጠይቄአለሁ። አብሮኝ የተፈተነውን ወንድ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱ ቢወልድ ለአሠሪው የሚያስከፍለው ሦስት ቀን ብቻ ስለሆነ ነው። የእሱ ፈቃድ በጨመረ ቁጥር እኔን የመግፋት ምክንያቱ ይቀንሳል።

የአነስተኛ ፋብሪካ ባለቤት፦ እህቴ፣ ይህን አልክድም፤ እኔም ስቀጥር አስበዋለሁ። ግን ሸክሙን በአንድ አሠሪ ላይ አትጫኑት።

የሁለት ልጆች አባት፦ ለጡረታ አሠሪው 11፣ ሠራተኛው 7 በመቶ ያዋጣል። ለወሊድም ትንሽ መዋጮ ይጀመር። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ የሆነ አባት 10 የሥራ ቀን ስለሚያገኝ፣ የግሉም ቢያንስ እዚያ ይድረስ።

አዋላጅ ነርስ፦ አሥሩም ቢሆን የሚቆጠረው እናትየው ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ይሁን።