ለአንባቢ ልጻፍ ወይስ ለጉግል? እባካችሁ ምክር

ሰላም ለሁላችሁ። የባህል ልብስ ለሚሸጥ ሱቅ ድረ ገጽ ጽሑፍ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። አሁን ግን ግራ ገብቶኛል።

የሱቁ ባለቤት «የሐበሻ ቀሚስ» የሚለው ቃል በየዓረፍተ ነገሩ እንዲገባ ትፈልጋለች። ጉግል ላይ ከፊት ለመውጣት ሌላ መንገድ የለም ባይ ናት። እንደዚያ ስጽፍ ደግሞ ጽሑፉ አይነበብም። ጉግል ራሱ ቁልፍ ቃል ማጨቅን፣ ማለትም አንድን የፍለጋ ቃል ያለ ልክ መደጋገምን፣ በደንቡ ከልክሏል። የኪወርድ ሜታ ታግንም (በገጹ ኮድ ውስጥ ለአንባቢ ሳይታይ የሚገባ የቁልፍ ቃላት ዝርዝር) ለደረጃ እንደማይጠቀምበት በ2009 እ.ኤ.አ. አሳውቋል። ብነግራትም አልተዋጠላትም።

እኔ መጻፍ የምፈልገው ገዢ የሚጠይቀውን ነው። መነን የሚባለው ጨርቅ ሳባ ከሚባለው በምን ይለያል? የእጅ ጥልፍና የማሽን ጥልፍ እንዴት ይለያሉ? ከሽሮ ሜዳ የሚመጣው ጥበብ እንዴት ይታጠባል? ውጭ አገር ያለች እህታችን ልኳን እንዴት ትላክልን? እንዲህ ያለው ጽሑፍ ገዢን ይረዳል ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

የባሰው ግን ፊደሉ ነው። አንዱ «ሐበሻ»፣ ሌላው «ሀበሻ»፣ ሌላው «ሃበሻ» ብሎ ይፈልጋል። በላቲን ፊደል የሚጽፍም አለ። ሁሉንም አንድ ገጽ ላይ ብደባልቅ ያልታረመ ጽሑፍ ይመስላል፤ ለአንባቢም ንቀት ነው። አንዱን ብቻ ብይዝ ደግሞ ፈላጊው እንዳያጣን እሰጋለሁ።

የአማርኛ ድረ ገጽ የሠራችሁ፣ ይህን እንዴት ፈታችሁት? አንዱን አጻጻፍ በርዕሱ፣ ሌላውን በፎቶ መግለጫው ማስገባት ያዋጣል? ባለቤቷንስ ለማሳመን ከሰርች ኮንሶል (ጉግል ድረ ገጹ በፍለጋ እንዴት እንደሚገኝ ለባለቤቱ የሚያሳይበት መሣሪያ) የትኛውን ቁጥር ላሳያት?