እማዬ «ዛር ይዞሃል» አለችኝ፤ ምን ልበላት?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ብራስልስ ነው። አሁን ግን ሞሮኮ፣ ኤሳዊራ ከተማ ግናዋ የሚባለውን፣ ከመናፍስት ሥርዓት ጋር የተያያዘ የሞሮኮ ባህላዊ ሙዚቃ እየተማርኩ ነው። መምህሬ ጊምብሪ ይመታሉ፤ በግመል ቆዳ የተለበጠ ባለ ሦስት ጅማት መሣሪያ ነው፣ ድምፁ ሆድ ውስጥ ይገባል። እኔ ቀራቂብ የሚባሉትን ብረቶች አንቋቋለሁ። «ሊላ» የሚሉት ሥርዓት እስኪነጋ ይዘልቃል። ዕጣን ይጤሳል፣ የመናፍስቱ ቀለም በየተራ ይቀያየራል፣ ሰው ራሱን እስኪስት ይጨፍራል። ዩኔስኮ ግናዋን በ2019 እ.ኤ.አ. በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል፤ እማዬን ግን ይሄ አይገባትም።

አባቴ ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ አልነበረኝም። አንድ ሌሊት ስጨፍር፣ ሳለቅስ አደርኩ። ከዚያ ወዲህ እተኛለሁ፣ ሰውም አናግራለሁ። ደስ ብሎኝ ቪዲዮ ብልክላት እማዬ ክው አለች። ዕጣኑ፣ ቀለሙ፣ መንቀጥቀጡ ልጅ ሆና ጎንደር ካየችው ዛር ጋር አንድ ሆነባት። (እውነት ለመናገር መመሳሰሉ እኔንም ይገርመኛል።) አሁን «ጸበል ካልገባህ አትደውልልኝ» ብላለች።

ትምህርቱን ማቋረጥ አልፈልግም፤ እሷንም ማስቀየም አልችልም። ለፋሲካ አገር ቤት እገባለሁ። መጀመሪያ የንስሐ አባታችንን ላናግር ወይስ ቀጥታ እሷን? ለደስታዋ ስል ጸበሉን ብጠመቅስ ነገሩን አመንኩ ማለት ይሆናል? እንዲህ ከቤተሰብ ጋር የተፋጠጠ ካለ እባካችሁ ምከሩኝ። «ጊዜ ይፈታዋል» ብቻ እንዳትሉኝ።