ለጠላቂዎች ሲሊንደር መሙያ ተንቀሳቃሽ ኮምፕረሰር፦ የቱን እንግዛ?

የጣና ልጅ
ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ሦስት ሆነን የምንሠራ ጠላቂዎች ነን። የጀልባ ሞተር ላይ የተጠመጠመ መረብ እንፈታለን፣ የሰመጠ ዕቃ እናወጣለን፣ ሰው ሲሰምጥም እኛኑ ይጠሩናል። ያሉን አራት ባለ 12 ሊትር የብረት የአየር ሲሊንደሮች ናቸው። የምናስሞላቸው አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጃችን ዘንድ ስለሆነ ተጭነው ሄደው እስኪመለሱ አምስት ቀን ይፈጃል። ባለፈው ጥቅምት አንድ ልጅ ሰምጦ እናቱ ዳር ላይ ተቀምጣ እያየችን የመጨረሻው ሲሊንደር ግፊት ወደ 40 ባር ወረደ፤ አየሩ ሊያልቅ ስለሆነ ባዶ እጃችንን ወጣን። ልጁን ያገኘነው በስድስተኛው ቀን ነው። ያቺን እናት ዳግም እንደዚያ ማስጠበቅ አልፈልግም።

ገንዘብ አዋጥተናል። ሦስት ምርጫ አለን። አንደኛው በደቂቃ 100 ሊትር የሚሞላ፣ በቤንዚን የሚሠራ አዲስ ባወር ጁኒየር ኮምፕረሰር ነው። ሁለተኛው የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ያገኘልኝ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ኮልትሪ ኮምፕረሰር ነው። ሦስተኛው «300 ባር» ተብሎ በኢንተርኔት የሚሸጥ ትንሽ ኮምፕረሰር ሲሆን ዋጋው ከባወሩ አንድ አሥረኛ አይሞላም። አንድ ሰው ደግሞ «ለምን ትቸገራላችሁ? ለሆስፒታል ኦክስጅን ከሚያመርቱት ዘንድ አስሞሉ» ብሎናል። የምታውቁ ምከሩን።

ከኤላት
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት የመጨረሻውን ሐሳብ ተዉት። ሲሊንደሩን በልማድ «ኦክስጅን» ስለምንለው ነው ይህ ስሕተት የሚመጣው። ውስጡ ያለው ይኸው የምንተነፍሰው አየር ነው፤ ኦክስጅኑ 21 በመቶ ብቻ ነው። ንጹሕ ኦክስጅን ይዞ የጠለቀ ሰው ከስድስት ከስምንት ሜትር ሲያልፍ ሰውነቱ ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ውኃ ውስጥ መንቀጥቀጥ ማለት የአፍ መተንፈሻው ወልቆ መስጠም ማለት ነው። በዚያ ላይ በአየር ሲሞላ የኖረ ሲሊንደር የዘይት ርዝራዥ ስለማያጣ በከፍተኛ ግፊት ኦክስጅን ሲገባበት ሊቀጣጠል ይችላል።

ርካሹንም አትግዙ። እንዲህ ያለው የሚሠራው ለአየር ጠመንጃ ትንንሽ ጠርሙስ ነው። 300 ባር መድረሱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሚገፋው አየር ግን ጥቂት ስለሆነ 12 ሊትር ለመሙላት ሰዓታት ይፈልጋል፣ ቶሎም ይግላል። ማጣሪያውም ለሳንባ ታስቦ የተሠራ አይደለም። እኔ እስራኤል፣ ኤላት የጠላቂዎች ማዕከል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሲሊንደር ሞልቻለሁ፤ በእንደዚህ ዓይነቱ የተሞላ ሲሊንደር ልጄ እንድትይዝ አልፈቅድም።

መካኒኩ
በባወሩና በኮልትሪው መካከል ያለውን ላስረዳ። ባለ 12 ሊትር ሲሊንደር 200 ባር ሲሞላ 2,400 ሊትር አየር ይይዛል። በደቂቃ 100 ሊትር ከሆነ 24 ደቂቃ ማለት ነው። ይህ ግን በባሕር ጠለል ላይ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፤ ያው ሲሊንደር 30 ደቂቃ ይወስዳል። የቤንዚን ሞተሩም በዚያው ልክ ጉልበት ይቀንሳል። ስታዝዙ ከፍታውን ንገሯቸውና ካርቡሬተሩን ለዚያ የሚስማማ አድርገው ይላኩላችሁ።

የኤሌክትሪክ ሞተር በከፍታ ጉልበቱ እንደ ቤንዚኑ አይወርድም። የአሜሪካው ችግር ሌላ ነው፦ መብራታቸው 60 ኸርዝ፣ የእኛ 50 ነው። ሞተሩ እዚህ ሲሰካ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፣ ይግላል፣ ውሎ አድሮ ይቃጠላል። የኮምፕረሰሩ ራስ ደኅና ከሆነ ሞተሩን በ50 ኸርዝ ቀይሮ ፑሊውን ማስተካከል ይቻላል። እኔ ለሌላ ሥራ እንዲህ አድርጌ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የሞተሩን ዋጋ ከአሁኑ ደምሩበት። አንድ ነገር ደግሞ፦ ዘይት ሲያልቅ ከጋራዥ የመኪና ዘይት አትጨምሩ። መመሪያው ላይ የተጻፈውን የመተንፈሻ አየር ኮምፕረሰር ዘይት ብቻ።

የጣና ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። መብራት እንደ ልብ አይገኝም፤ ሥራው ደሴቶቹ ዘንድ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ የለም። ስለዚህ ልባችን ወደ ቤንዚኑ ነው። የምፈራው ጢሱን ነው።

የፉጃይራዋ
ደግ ፈርተሃል፣ ወንድሜ። እዚህ ኤምሬትስ፣ ፉጃይራ ጀልባ ላይ እሠራለሁ። አንድ ቀን ጠዋት የአየር መሳቢያውን ቱቦ በነፋሱ መምጫ በኩል አስረን መሙላት ጀመርን። ቀትር ላይ ነፋሱ ዞረ፤ ማንም ልብ አላለም። ከሰዓት አንድ ጠላቂ ግንባሩን ይዞ ወጣና ጀልባዋ ጠርዝ ላይ ተደፍቶ አስመለሰ። «አየሩ ሸተተህ?» አልኩት፤ «ምንም» አለኝ። የሞተር ጢስ መርዝ የሆነው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም። እግዚአብሔር ረድቶት ተረፈ። ቀሪዎቹን ሲሊንደሮች ስከፍት ያ አየር ሲያፏጭ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

EN 12021 የሚባለው የአውሮፓ የጥራት ደረጃ ለመተንፈሻ አየር የሚፈቅደው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሚሊዮን 5 እጅ ብቻ ነው። ሲጠለቅ ግፊቱ ስለሚጨምር መርዙም አብሮ ይበረታል፤ ጣና ላይ አሥር ሜትር ስትወርዱ ከእጥፍ ያልፋል። ስለዚህ የመሳቢያውን ቱቦ አስረዝሙና ሦስት ሜትር ምሰሶ ጫፍ ላይ እሰሩት፤ ሞተሩ ነፋሱ ከቱቦው በሚሄድበት በኩል ይሁን። ምሰሶው ላይ ቀጭን ጨርቅ አንጠልጥሉ። ሐይቅ ዳር ቀን ነፋሱ ከውኃው ወደ የብስ፣ ሌሊት ከየብስ ወደ ውኃው ይነፍሳል፤ ማለዳ የጀመራችሁት ረፋድ ላይ ሊዞርባችሁ ይችላል። ጨርቁ ሲዞር ሞተሩ ይጥፋ። አንድ ሰው ከኮምፕረሰሩ ንቅንቅ አይበል። የካርቦን ሞኖክሳይድ መለኪያም አብራችሁ ግዙ፤ ከሌላው ዕቃ ሁሉ እሱን አስቀድማለሁ።

በየ10 ወይም 15 ደቂቃው ኮምፕረሰሩ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ አፍስሱ። ወተት የመሰለ ቅባታም ውኃ ነው የሚወጣው፤ ካላፈሰሳችሁት ወደ ማጣሪያው ያልፋል። ማጣሪያው ሙቀትና እርጥበት ሲበዛ ቶሎ ስለሚሞት የሠራበትን ሰዓት በደብተር ጻፉ።

ከኤላት
እህቴ ያለችው ሁሉ ትክክል ነው። እኔም ባወሩን ግዙ እላለሁ፤ ሆኖም ገንዘባችሁን ሁሉ ማሽኑ ላይ አትጨርሱ፤ የሁለት ዓመት ማጣሪያና ዘይት አብሮ ይምጣ። ካለቀባችሁ በኋላ አንዲት ማጣሪያ ለማስመጣት ወር መጠበቅ ትጀምራላችሁ፤ ያን ጊዜ ነው ሰው ባረጀው መሙላት የሚፈተነው። የመሙያው ቱቦ አፍ ከሲሊንደራችሁ ቫልቭ ጋር መግጠሙንም ሳታረጋግጡ አትክፈሉ።

ሲሊንደሮቹስ የግፊት ፍተሻቸው መቼ ነው? ትከሻቸው ላይ ተመትቷል፤ በብዙ አገር በየአምስት ዓመቱ ይፈተሻል። ቀኑ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።

የጣና ልጅ
አሁን ሄጄ በባትሪ አየሁት። ሁለቱ 2023 ይላሉ። ሁለቱ ግን 2017 ነው የሚሉት፤ እኛ በራሳችን አቆጣጠር አንብበን ቅርብ ጊዜ ነው ብለን ስንሞላቸው ኖረናል። ዛሬውኑ አየራቸውን አስወጥተን ቀይ ጨርቅ አስረንባቸዋል፤ ሳይፈተሹ አይሞሉም። ባወሩን እናዛለን፣ መለኪያውንም አብረን። ለምሰሶው የባሕር ዛፍ አጣና ቆርጠናል።