ለእናቴ የመስሚያ መሣሪያ ስመርጥ ምን ላስተውል?

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ አብረውኝ የሚኖሩት እናቴ ቴሌቪዥኑን እጅግ ከፍ አድርገው ያዳምጣሉ፤ ቡና ላይ ሰው ሲበዛ ግን ዝም ይላሉ። ያለ ሐኪም ማዘዣ ከሚሸጡት አንዱን ብገዛላቸው ይበቃ ይሆን?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ በአሜሪካ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ማዘዣ የሚሸጡት የተፈቀዱት ከቀላል እስከ መካከለኛ የመስማት ችግር ላለባቸው አዋቂዎች ስለሆነ፣ አስቀድመው ያስመርምሯቸው። አንዳንዴ ችግሩ የተጠራቀመ የጆሮ ኩክ ብቻ ሆኖ ይገኛል።

መልስ 2፦ እኔ ከዋጋው በፊት ጣታቸውን ይመልከቱ እላለሁ፤ የሽንብራ ፍሬ የምታህለውን ባትሪ በየጊዜው መቀየር ለሚንቀጠቀጥ እጅ ስለሚያስቸግር፣ ቻርጅ የሚደረገው ይሻላቸዋል።

መልስ 3፦ ነገ ዛሬ አይበሉ። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው የባለሙያዎች ኮሚሽን በ2024 (እ.ኤ.አ.) ያልታከመ የመስማት ችግርን ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ሊቀነሱ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች አንዱ አድርጎ ቆጥሮታል። አእምሮ አዲሱን ድምፅ እስኪለምድ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል፣ ሲገዙ የመመለሻ ጊዜውን ይጠይቁ።