በር ላይ የመንገደኛ ውሃ፦ በድሬ ሙቀት እንዴት ይዘለቃል?

ከሳቢያን፦
ጾም ጸሎቱ ሳይቋረጥ ልቡ ለደረቀበት ሰው፣ በየቀኑ በእጅ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ደግነት ታረጥባለች ይባላል። የታሰበው በግቢ በር ላይ ለመንገደኛ ውሃ ማስቀመጥ ነው። ጊዜው ጠዋት ግማሽ ሰዓት ብቻ፣ ገንዘቡም ትንሽ ነው። ምን ዕቃ ይሻላል? በሁለተኛው ሳምንት እንዳይሰለችስ ምን ይደረግ?

ገንደ ቆሬ፦
አቦ፣ ጥሩ አስበሃል። የፕላስቲክ ባልዲ ተወው፤ ቀትር ላይ ለሻይ የደረሰ ውሃ ነው የምታጠጣው። 20 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ አፉ ሰፋ ያለ፣ ከውጭ ቀለም ያልነካው እንስራ ግዛ። ሸክላ የሚያቀዘቅዘው ውሃው በገላው እያላበ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ ጥላ ብቻ አይበቃውም፣ ነፋስም ይፈልጋል። እንደ ድስት በዘይት እንዳታሟሸው! ቀዳዳው ይደፈንና ተራ ማሰሮ ይሆናል። ሞልተህ አሳድረው፣ ድፋው፤ የአፈር ጣዕሙ እስኪለቅ ሁለት ሦስቴ ድገም።

የድሬን ውሃ ታውቀዋለህ፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው ካልሲየም እንስራውንም ይደፍነዋል። ላቡ ሲጠፋ ውጩን በሎሚ እሸውና በደንብ አለቅልቀው። ሳሙና አታስነካው፤ ሸክላ ጠጥቶ ያስቀረዋል።

ኩባያ እየነከሩ የሚቀዱበት ከሆነ ደግነቱ ተቅማጥ ሆኖ ይመለሳል። ረጅም እጀታ ያለው ጭልፋ ክዳኑ ላይ እሰር፣ ከንፈር የሚነካው ኩባያው ብቻ ይሁን። ውሃ አጋር (ውሃ የሚያክመውን ክሎሪን) ጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምረህ፣ 30 ደቂቃ ቆይተህ አውጣው። ማታ የተረፈውን ድፋ፤ ውስጡንም በብሩሽ ፈትግ። በ2011 መጨረሻ ከተማውን አልጋ ላይ ያዋለውን ቺኩንጉንያ (ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም የሚያመጣውን በሽታ) የምታስተላልፈው ትንኝ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው በላይ ግድግዳው ላይ ስለሆነ፣ መድፋት ብቻውን አያስወግደውም።

የጀጎል ሰው፦
ዕቃውን ወንድማችን ጨርሶታል፣ እኔ ስለ ልቡ ልበል። ሐረር ደጋ ቢጤ ስለሆነች ውሃው እንደ ድሬ አያስቸኩልም (ለአሹራ ለጅብም ገንፎ በቅቤ የሚቀርብባት ከተማ ናት፣ ለሰው ውሃ አይነፈግም)።

መጀመሪያ ኒያውን፣ ማለትም የልብህን ሐሳብ፣ አስተካክል፤ ስትሞላ አንድ ዓረፍተ ነገር በልብህ በል፣ ሌላ ወሬ አታስገባ። የማቴዎስ ወንጌል 10፥42 የሚናገረው ስለ አንድ ጽዋ ቀዝቃዛ ውኃ ነው፣ በእኛም ዘንድ ውሃ ማጠጣት ከሰደቃ ሁሉ ከፍ ያለ ስፍራ አለው፤ ስለዚህ ማን እንደሚጠጣ አትለይ። በጾም ወቅት «ጾመኛ አይደለህም እንዴ?» የሚል ሰው በሩ ላይ እንዳይቆም። በረመዳን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ አዲስ ውሃ ሙላ፣ ብትችል ጥቂት ተምር አጠገቡ አኑር።

የሚያሰለቸው ሥራው ሳይሆን ቆጠራው ነው። ዛሬ ስንት ሰው ጠጣ፣ ማን አመሰገነ ማለት ከጀመርክ በሳምንት ውስጥ እንስራው ዕዳ ይሆንብሃል። ፎቶ አንስተህ ቴሌግራም ላይ መልቀቅም ያው ቆጠራ ነው። ለአራት ቤት ተከፋፍላችሁ በተራ ሙሉ፤ አንዱ ሲታመም ውሃው አይቋረጥም።

ባለጣሳው፦
በተራ በሚለው አልስማማም። ድሬ ላይ «የእገሌ ተራ ነበር» ተብሎ እንስራው በግንቦት ደርቆ ይውላል። ባለቤቱ አንድ ሰው ይሁን፣ ጎረቤት ምትክ ብቻ። ደግሞ ኩባያው ይሰረቃል፣ እወቀው። ከመነሻው ርካሽ ጣሳ ሦስት ገዝተህ ሁለቱን ቤት አስቀምጥ፤ የሚጠፋውን አስቀድመህ ከሂሳብ ካስገባኸው ጠዋት ኩባያው የታሰረበትን ሰንሰለት ባዶውን ስታይ አትበሳጭም።

ከሳቢያን፦
ዘይቱ ተዘጋጅቶ ነበር፣ በጊዜ ነገራችሁኝ። ከታች ምን ይደረግለት?

ገንደ ቆሬ፦
ሦስት ድንጋይ። ሲሚንቶ ላይ አታስቀምጠው፣ ሥሩም ይተንፍስ።