«ጎት ዘ ሃምፕ» ተናደደ ነው ወይስ አኮረፈ?

ጮቄ (ደብረ ማርቆስ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለእንግሊዝኛ ክበብ ተማሪዎች በፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ላይ የሚሰሙ የእንግሊዞች የሰፈር አነጋገሮችን በአማርኛ እየፈታሁ ነው። አሁን የያዘኝ «ሂዝ ጎት ዘ ሃምፕ» የሚለው ነው። መዝገበ ቃላቱ «ሃምፕ» ሻኛ ነው ብሎ ያልፋል። በሬ ሲጠመድ እያየ ያደገ የጎጃም ልጅ ደግሞ «ሻኛ አለው» የሚል ቢያነብ ቁጣ ጭራሽ አይታሰበውም። «ተናደደ» ብዬ ልለፈው? ክፍል ውስጥ ቢነገርስ ነውር የለበትም?

ዳሞት (ፍኖተ ሰላም)፦
መምህር፣ «ተናደደ» አትበለው፤ ይበዛበታል። ቁርጥ አቻው «አኮረፈ» ነው። በ60ኛው ደቂቃ ተቀይሮ የወጣ ተጫዋች አሰልጣኙን ሳይጨብጥ አልፎ፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ቢቀመጥ፣ እሱ «ሃምፕ» ይዞታል። የውኃ ጠርሙሱን በእርግጫ መትቶ ከአሰልጣኙ ጋር ከተጯጯኸ ግን አልፎታል፤ ያኔ የሚባለው «ሂ ሎስት ሂዝ ራግ» ነው፣ በእኛ ቱግ አለ። ሁለቱን በአንድ «ተናደደ» ከጠቀለልካቸው ተማሪው ልዩነቱን መቼም አያገኘውም።

መነሻውም አብዛኛውን ጊዜ መናቅ ወይም መገፋት ነው። ለማኅበር ሳይጠራ የቀረ ሰው በማግስቱ ሰላምታ ቢነሳ ምን እንደሆነ ልጆቹ ያውቁታል። በዚያ አስረዳቸው።

አሁን ሰዋስዉን ልብ በል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሂ ጎት ዘ ሃምፕ» ማለት አኮረፈ ነው፤ ነገሩ የሆነበትን ቅጽበት ይነግርሃል። «ሂዝ ጎት ዘ ሃምፕ» ግን አኩርፏል ነው፣ ኩርፊያው አሁንም አለ። በመካከል ያለችው «ዝ» ካመለጠች ጊዜው ይለወጣል፤ ተማሪ «ጎት» የሚለውን ብቻ ሰምቶ ያለፈ ነገር አድርጎ ይተረጉመዋል። ሦስተኛው «ጊቭ» ነው፦ «ኢት ጊቭስ ሚ ዘ ሃምፕ»፣ ያስኮርፈኛል ወይም ያበሽቀኛል። እኛ አኮረፈ፣ አኩርፏል፣ አስኮረፈ ብለን ግሡን ስናረባ እነሱ «ሃምፕ»ን እንዳለ ትተው ከፊቱ ያለውን ግሥ ይቀያይራሉ።

የተኮረፈው ሰው በ«ዊዝ» ይገባል፦ «ሂዝ ጎት ዘ ሃምፕ ዊዝ ሚ»፣ አኩርፎኛል። ምክንያቱ ደግሞ በ«አባውት» ወይም በ«ኦቨር» ይመጣል።

ጣና ዳር (ባሕር ዳር)፦
ዳሞት የጻፈው ልክ ነው። እኔ ስለ አሰማሙ ልጨምር። አነጋገሩ በይበልጥ የለንደንና የደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ነው። የለንደን ሠፈርተኛ «ሀ»ን ይውጣታል፣ የ«ጎት»ንም «ት» ጉሮሮው ላይ ያስቀራታል፤ ስለዚህ ጆሯችሁ የሚሰማው «አምፕ» ነው። ተማሪዎች ቃሉን አናውቀውም የሚሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በወረቀቱ ላይ ሁለቱንም አሰማም ጻፍላቸው።

«ዘ ራይት ሃምፕ» የሚልም ይሰማሉ። እዚያ ላይ «ራይት» ትክክለኛም ቀኝም አይደለም፤ ማጠናከሪያ ነው፣ ክፉኛ አኩርፏል ለማለት።

ወደ ሰሜን ሲወጣ ቃሉ ይለወጣል። ሊቨርፑል አካባቢ ለዚሁ ኩርፊያ «ጎት ኤ ኮብ ኦን» ይላሉ፤ ስኮትላንድ ውስጥ «ሃፍ» የሚለው ይለመዳል። አሜሪካውያን ግን «ሃምፕ»ን ለኩርፊያ አይጠቀሙበትም። «ሃምፕ ዴይ» ቢሏችሁ ረቡዕ ማለታቸው ነው፤ የሥራ ሳምንቱ አጋማሽ ስለሆነ። «ኦቨር ዘ ሃምፕ»ም ከኩርፊያ ጋር አይገናኝም፣ ከባዱን ክፍል አለፈ ለማለት ነው።

የቡሬ ልጅ፦
ነውሩን ስለጠየቅኸው፦ «ጌት ዘ ሃምፕ» ስድብ አይደለም፣ ልጅም ሽማግሌም ፊት ይባላል። አደጋው «ሃምፕ»ን ግሥ ያደረጉት እንደሆነ ነው። አንዱ ትርጉሙ ከባድ ነገር መሸከም ቢሆንም ሌላው የሩካቤ ጸያፍ ቃል ነው። «ሂ ሃምፕድ ሚ» ብሎ አኮረፈኝ ያለ የሚመስለው ተማሪ ጉድ ይፈላበታል። ይህን በቀይ ጻፈው።

ከዚሁ አጠገብ «ፒስድ»ንም አስጠንቅቃቸው። እንግሊዝ አገር ብቻውን ከቆመ ሰክሯል ነው፤ አሜሪካ ደግሞ ተቆጥቷል። «ኦፍ» ሲጨመርበት በሁለቱም አገር ቁጣ ይሆናል። ጸያፍነት ስላለው ክፍል ውስጥ ባይለማመዱት እመርጣለሁ፣ ሲሰሙት ማወቅ ግን አለባቸው።

ጮቄ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ለልምምድ ሦስት ዓረፍተ ነገር አወጣሁ፣ እስኪ እዩልኝ፦
«ሺ ሃዝ ኤ ሃምፕ ዊዝ ኸር ብራዘር።»
«ዘ ፕሌየር ጎት ዘ ሃምፕ አባውት ዘ ሰብስቲቲውሽን።»
«ዌይቲንግ ፎር ዘ ባስ ጊቭስ ሚ ዘ ሃምፕ።»

ዳሞት፦
ሁለተኛውና ሦስተኛው ንጹሕ ናቸው። የመጀመሪያው ላይ «ኤ» የሚለውን «ዘ» አድርገው፤ በ«ኤ» ከሄደ እውነተኛ ሻኛ ወይም ጉብታ ይሆናል። ለብዙ ሰዎችም ቢሆን «ሃምፕስ» አይባልም፦ «ዘይ ኦል ጎት ዘ ሃምፕ»፣ ሁሉም አኮረፉ።

እና አንድ ነገር፦ ይህ ሁሉ ለመስማትና ለጨዋታ ነው። ለፈተና ድርሰት ወይም ለማመልከቻ ደብዳቤ «አኖይድ» ወይም «አፕሴት» ይጻፉ፤ «ሃምፕ» እዚያ ላይ ያስቀንሳቸዋል።