ጥቆማ፦ የድንጋይ ሽበትን ለመለየት ጎንደር ውስጥ ምን ይገዛል፣ ማን ዘንድ ይኬዳል?

ጠያቂዋ፦

ጤና ይስጥልኝ የጎንደር ልጆች። የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። የትምህርት ቤታችን የድንጋይ አጥር ላይ የተለጠፉትን ነጭ፣ ግራጫና ብርቱካንማ ቅርፊቶች ተማሪዎቼ "ቀለም ፈሶበት ነው" ብለው ተከራከሩኝ። ላይከን፣ ማለትም ፈንገስና አልጌ አንድ ሆነው የሚኖሩበት ሕያው ነገር መሆኑን ነገርኳቸው። "የትኛው ላይከን?" ሲሉኝ ግን መልስ አጣሁ። ሽማግሌዎች የድንጋይ ሽበት ይሉታል፤ ከዚያ ያለፈ ስም ለማግኘት ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል? እዚሁ ከተማ የሚገኘው የቱ ነው? ፎቶ አይቶ ስም የሚናገረው የስልክ መተግበሪያ ይበቃል ወይስ ማይክሮስኮፕ የግድ ነው? በጀቴ የመምህር ነው።

መላሽ፦

መምህርት፣ ከመተግበሪያው ልጀምር። ቅጠል መሰሎቹንና ከዛፍ ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠሉትን ላይከኖች ደህና ይገምታል። ከድንጋይ ጋር የተጣበቀው ቅርፊት ዘንድ ሲደርስ ግን ጠንቋይ ይሆናል። ባለፈው ጥቅምት አንዱን ግራጫ ቅርፊት በሦስት ማዕዘን አንስቼ ብጠይቀው ሦስት የተለያየ ስም ሰጠኝ። አራተኛው ፎቶ የደረቀ የሲሚንቶ ጠብታ ነበር፤ ለእሱም ስም አላጣለትም። እነዚህን ዝርያዎች የሚለያየው ብዙ ጊዜ ስፋቱ አንድ ሚሊሜትር የማይሞላ የፍሬ ጠርዝ ነው። ከክንድ ርቀት በተነሣ ፎቶ ላይ ያ ጠርዝ አይታይም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር ለማጉያ ይውጣ። ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የሚሸጠው ባለ እጀታ ትልቁ ማጉያ ለጋዜጣ እንጂ ለዚህ አይሆንም፤ ቢያጎላ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ነው። ፒያሳ አካባቢ የእጅ ሰዓት ጠጋኞች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩት ጥቁር ማጉያ ከዚያ ይሻላል፤ ሁለቱንም እጅ ነፃ ያደርጋል፤ ያየኋቸው ግን ከአምስት ጊዜ ብዙም አያልፉም። ለእርስዎ የምመክረው ወርቅ ሠሪዎች ኪሳቸው የሚይዙትን ታጣፊ ባለ 10፣ ማለትም አሥር ጊዜ የሚያጎላውን ነው። ወርቅ ቤት ገብተው "ከየት ገዛችሁት?" ቢሉ ይነግሩዎታል፤ እኔም ያገኘሁት እንደዚያ ነው።

ሲገዙ ግን በጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይመኑ። የመጀመሪያው ማጉያዬ "60" የሚል ተቀርጾበት ነበር፤ ሻጩም ምሎ ተገዝቶ ነው የሸጠልኝ። መፈተኛው ቀላል ነው፣ እዚያው ሱቁ በር ላይ ይሠራል። ማጉያውን ፀሐይ ላይ ይያዙና ብርሃኑ ወረቀት ላይ አንሶ አንሶ ነጥብ የሚሆንበትን ርቀት በማስመሪያ ይለኩ። 250ን ለዚያ ሚሊሜትር ያካፍሉት። ነጥቡ 25 ሚሊሜትር ላይ ከጠራ ማጉያው እውነተኛ ባለ 10 ነው። የእኔው ባለ "60" የጠራው 31 ላይ ነበር፤ ስምንት ማለት ነው። ወረቀቱ እንዳይቃጠል ቶሎ ይበሉ። ለመፈተን ሲጠይቁ ሻጩ ከተቆጣ ደግሞ ማስመሪያም አያስፈልግዎትም።

አጠቃቀሙም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ማጉያውን ወደ ድንጋዩ ዘርግቶ ከሩቅ ማየት አይሠራም። ከዓይን ጋር ያጣብቁትና ራስዎን ከነማጉያው ወደ ግድግዳው ያስጠጉ። መንገደኛ ግድግዳ የሚስሙ ይመስለዋል፤ ይልመዱት።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማጉያው ተገኘ እንበል፤ ምኑን ነው የማየው? ቀለሙን መስሎኝ ነበር።

መላሽ፦

ሁሉም በቀለም ይጀምራል፣ ብዙው ሰው የሚሳሳተውም እዚያው ነው። ላይከን ሲርስ የላይኛው ሽፋኑ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ያለው አልጌ ጎልቶ ይወጣል፤ ጠዋት ግራጫ የነበረው ከዝናብ በኋላ አረንጓዴ ይሆናል። ለዚህ ነው ክረምቱ ወጥቶ ድንጋዩ ሲደርቅ፣ ከጥቅምት ወዲህ ያለውን ጊዜ የምመርጠው።

መጀመሪያ ገላውን ይዩ። ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል? ሌፕራሪያ የሚባለው ወገን ሊሆን ይችላል፤ ፍሬ አይፈልጉበት፣ አያፈራም። በበጋ እንዳለ የዋልካ መሬት ተሰነጣጥቋል? ዙሪያውን ጥቁር መስመር አጥሮታል? ዳሩ እንደ ጣት ተከፋፍሎ ተዘርግቷል ወይስ ሳይታወቅ ድንጋዩ ላይ ይጠፋል? ይህን በደብተር ይጻፉና ወደ ፍሬው ይለፉ።

ፍሬው ላይ ጊዜዎን ያጥፉ። ፍሬ የምለው ገላው ላይ ተበትነው የሚታዩትን ትንንሽ ክብ ሳህኖች ነው። ጥያቄው "የሳህኑ ጠርዝ ከምን ተሠራ?" ነው። ሌካኖራ በሚባለው ወገን ጠርዙ ከገላው ጋር አንድ ነው፤ ገላው ነጭ ከሆነ ነጭ፣ ግራጫ ከሆነ ግራጫ፤ አልጌው እስከ ጠርዙ ድረስ ይወጣል። ሌሲዲያና ቡኤሊያ ዘንድ ጠርዙ የፍሬው የራሱ ነው፤ ጠርዙም መሐሉም እንደ ምጣድ ጠቁሮ ገላው ላይ የተቀመጠ ባዕድ ነገር ይመስላል። ቬሩካሪያ ሳህን የለውም፤ ፍሬዎቹ ሊጥ ውስጥ ግማሽ ድረስ እንደ ሰመጠ ቁንዶ በርበሬ ናቸው። በዛፍ ልጥ ላይ ደግሞ ክብ ሳይሆን ጭረት ያገኛሉ፤ የቆሎ ተማሪ ቀለሙን የሞከረበት ብራና ነው የሚመስለው። ግራፊስ ይባላል፤ ስሙም "መጻፍ" ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው።

አጥሬ ላይ ያለውን አንድ ግራጫ ቅርፊት ሁለት ሳምንት ሙሉ ሌካኖራ እያልኩ ኖርኩ። ሳህኖቹ ነጣ ያሉ ነበሩ፣ ጠርዛቸውም እንደዚያው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የስልኬን መብራት ከግድግዳው ጋር አጋድሜ ከጎን ሳበራው ነጩ ነገር ጠርዝ ሳይሆን አመድ መሰል ብናኝ ሆኖ ተገኘ። በእርጥብ ስንጥር ዳበስኩት፤ ከሥሩ ጥቁር ጠርዝ ወጣ። ሌካኖራዬ በዚያች ቅጽበት አለቀለት። መብራት ምንጊዜም ከጎን ይምጣ።

አሁን ወደ ግዢ ልመለስ። የላይከን ሰዎች ከ1860ዎቹ ጀምሮ ኬሚካል እየጠበጠቡ ቀለም ሲለወጥ ያያሉ፤ የጀመረው ፊንላንዳዊው ዊልያም ናይላንደር ነው። ሁለቱን ኬሚካሎች ወይም ምትካቸውን እዚሁ ያገኛሉ። አንዱ ከማንኛውም ሱቅ የሚገዛ በረኪና ነው። ሽታ ያልተጨመረበት፣ አዲስ የተከፈተ ይሁን፤ የቆየ በረኪና አቅሙን ያጣል። ኦክሮሌኪያ የሚባለው ወገን በበረኪና ቀይ ይሆናል፤ ቀዩ በሰከንዶች ውስጥ ሊጠፋ ስለሚችል ዓይንዎን አይንቀሉ። ሁለተኛው በመጽሐፍ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ የሚባለው ነው፤ እሱን ሱቅ ውስጥ አላገኘሁም። ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት ኮስቲክ ሶዳ ይተካዋል፤ 1 ግራም በ10 ሚሊሊትር ውኃ። ሶዳው ወደ ውኃው ይጨመር እንጂ ውኃው ወደ ሶዳው አይፈሰስ። ዓይን ያጠፋል፣ ስለዚህ ጠብታውን እርስዎ እንጂ ተማሪ አይያዘው። ጠብታው የሚያርፈውም በምላጭ ጫፍ የተነሣች የሰሊጥ ፍሬ በምታክል ቁራጭ ላይ ነው፤ ቁራጯ ነጭ ወረቀት ላይ ትቀመጥ።

ሌላ አንድ ኬሚካል አለ፤ ጥቁር የፀጉር ቀለም ውስጥ የሚገባው ዓይነት ነው። መርዛማ ስለሆነ ይለፉት። የፀጉር ቀለም ገዝቶ ድንጋይ የቀባ ሰው አውቃለሁ፤ ድንጋዩ ጠቆረለት።

የብር ኖት መፈተሻ ሐምራዊ መብራትም ይጠቅማል፤ አንዳንድ ቅርፊቶች በጨለማ ሲበራባቸው ቢጫ ወይም ብርቱካን ሆነው ይነዳሉ። ርካሾቹ ባለ 395 ናኖሜትር ናቸው፤ የራሳቸው ሐምራዊ ብርሃን የላይከኑን ይውጠዋል። ባለ 365ቱ ይሻላል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። እኔ ብሆን ለመጨረሻ እተወዋለሁ።

ማይክሮስኮፕ አይግዙ። የሞባይል ጥገና ቤቶች ቺፕ የሚበይዱበት ባለ ሁለት ዓይን ማይክሮስኮፕ አላቸው፤ እኔ የምሄድበት ቤት ያለው ከ7 እስከ 45 ጊዜ ያጎላል፣ ከራሱ የቀለበት መብራት ጋር። ከቀትር በኋላ ሥራ ሲቀዘቅዝ ይሂዱና የሻይ ከፍለው አሥር ደቂቃ ይለምኑ። የእኔው ጠጋኝ መጀመሪያ "ድንጋይ ነው የማሳይህ?" ብሎ ሳቀብኝ። ካየ በኋላ ግን ደንበኞቹን ሁሉ እየጠራ አሳያቸው። እውነተኛውን የላቦራቶሪ ማይክሮስኮፕ የሚፈልጉት ስፖር፣ ማለትም ፈንገሱ የሚራባበትን ብናኝ ለመቁጠር ሲነሡ ብቻ ነው፤ አካሮስፖራ የሚባለው ወገን ፍሬው ውስጥ ባለ በአንድ የስፖር ከረጢት ከመቶ በላይ ስፖር ሲይዝ ሌካኖራ አብዛኛውን ጊዜ ስምንት ነው። ለእሱ የትምህርት ቤትዎ ይበቃል፣ መስተዋቱ ካልተሰበረ።

ናሙና በወረቀት ፖስታ እንጂ በፌስታል አይቀመጥም፤ ይሻግታል።

ሌላ አስተያየት ሰጪ፦

ግንበኛ ነኝ። አንድ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል። አሮጌ ግንብ ላይ ድንጋዩና መሐሉ ያለው ኖራ የተለያየ ቅርፊት ነው የሚያበቅሉት። ደግሞስ ይህን ነገር በሽቦ ብሩሽ ፍቀን ብናነሣው ግንቡ አይጠቀምም?

መላሽ፦

ጌታው፣ እርስዎ ያዩት ነገር ከግማሽ መጽሐፍ ይበልጣል። የእኛ ጥቁር ድንጋይ ባሳልት ነው፣ ኖራው ደግሞ ካልሲየም ካርቦኔት። ከሁለቱ አንዱን የሚወድ ላይከን ሌላውን ይጠላል፤ ቬሩካሪያ በብዛት ኖራ ይወዳል፣ የካርታ ላይከን የሚባለው ቢጫ አረንጓዴ ራይዞካርፐን ደግሞ ኖራ ያለበት አይደርስም፤ ብርድም ስለሚወድ ከከተማ ይልቅ ከፍ ያለ ተራራ ላይ ይፈለጋል። መምህርት፣ የድንጋይዎን ዓይነት ካላወቁ ከመሬት ያነሡት ስባሪ ላይ አቼቶ ጠብ ያድርጉ፤ ከፈላ ኖራ አለበት። አቼቶውንና በረኪናውን ግን በምንም ምክንያት አያገናኙ፤ ሲደባለቁ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል።

ብሩሹን በተመለከተ፣ የራስዎ አጥር የራስዎ ነው። ፋሲል ግቢ ግን እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። እዚያ ምላጭም፣ ጠብታም፣ ብሩሽም አይነሣም፤ ማጉያና ዓይን ብቻ። ቅርፊቱ ከድንጋዩ ጋር የተጣበቀ ስለሆነ ሲፋቅ የድንጋዩን ፊት ይዞ ይመጣል። ብዙዎቹም በዓመት የሚሰፉት ከአንድ ሚሊሜትር አካባቢ አይበልጥም፤ መዳፍ የሚያህል ቅርፊት ካዩ ከእርስዎ በዕድሜ ሊበልጥ ይችላል።

ጠያቂዋ፦

ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። ማጉያውን ገዛሁ፤ 26 ሚሊሜትር ላይ ጠራ። አጥሩ ሲሚንቶ ላይ ያለው ብርቱካንማ፣ ዳሩ እንደ ጣት የተዘረጋው፣ በኮስቲክ ሶዳ ጠብታ ወዲያው ወይን ጠጅ ሆነ። ክፍሉ ጮኸ። አጠገቡ ያለው ቢጫ ግን ምንም አልሆነም። ተማሪዎቼ "ሶዳው አልቆበት ነው" አሉ።

መላሽ፦

ሶዳው አላለቀም፣ እሰይ! ወይን ጠጅ የሆነው ካሎፕላካ ከሚባለው ወገን ነው፤ ብርቱካኑን የሚሰጠው አንትራኪኖን የተባለ ቀለም በሶዳ እንዲህ ይሆናል። ቢጫው ምናልባት ካንደላሪየላ ነው፤ የእሱ ቢጫ ከሌላ ቀለም ስለሚመጣ ሶዳ አይነካውም። ሁለቱን ከሩቅ ያየ ሰው ወንድማማች ይላቸዋል። "ወገን" ብዬ ያቆምኩት ደግሞ በምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ካሎፕላካ ለብዙ ስሞች ተከፋፍሏል፤ ስለዚህ የቆየ መጽሐፍና አዲስ መጽሐፍ ቢጣሉብዎ አይደንግጡ። ለቢጫው አንድ ጥያቄ ቀርቷል፦ የሳህኑ ጠርዝ ቢጫ ነው ወይስ ጠርዝ ጭራሽ የለውም? ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጥገና ቤቱ እኖራለሁ፤ ስባሪው ካለዎት በፖስታ ይዘው ይምጡ።